ከአራሷ ትራስ ሥር

እማማ እታለማሁ ቢላዋው ከአራሷ ትራስ ሥር አለመኖሩን ያወቁት ትራሱን ሊያራግፉ ሲያነሱት ነው። አንዴ ወደ አልጋው፣ አንዴ ወደ በሩ አዩና ማንንም ሳይጠይቁ ጥፋተኛዋን አገኙ። ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ዘውድነሽ ጠዋት አራስ ልትጠይቅ መጥታ ነበር።

«አንቺ ዘውድነሽ! ብረቱን ከአራስ ራስጌ አንስተሽ ሽንኩርት ትከትፊበታለሽ?»

ዘውድነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «የምን ብረት ነው እትዬ? ያመጣሁት አጥሚት፣ የወሰድኩት ባዶ ጣሳዬን ነው።»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»

«እግሩንማ እርስዎ ይወቁለት! የእንጅባራ ሰው ቢላዋ አጥቶ የእርስዎን ዝገት ይሰርቃል!» ብላ ወደ ቤቷ ገባችና የራሷን ይዛ ተመለሰች። እጀታውን አዙራ በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው። «ይኸው፤ የኔን ይውሰዱት፤ ሲገኝ ሁለት ይሆንልዎታል።»

እንቁ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ቢላዋው ጓሮ ከማገዶው ክምር ጀርባ ነበር። የደበቀችው ራሷ ናት። «እኔ ነኝ» ልትል አሰበች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን «ለምን?» ስታስበው ግን ተወችው። እማማ የዘውድነሽን ቢላዋ ከትራሱ ሥር ሸጎጡት። ከፊተኛው ይልቅ የተሳለ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ማንም አይደፍርሽም» አሏት።

አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ብረትም ከራስጌዋ አይለይም። ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል። እንቁ ዳንግላ ይህን እያየች ነው ያደገችው፤ ክፋት ያለው ነገር ሆኖ ታይቷት አያውቅም። እናቷ በሕይወት ቢኖሩ የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ትወልድ ነበር። እናቷ ስለሞቱ ግን አማቷ እማማ እታለማሁ ከአዘና ገጠር እንጅባራ ድረስ መጥተው ያርሷታል። ገንፎውም፣ የገላ ውሃውም፣ ቁጣውም የእሳቸው ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም። ጨርቁን ያጥባሉ፣ እሳቱን ያነዳሉ፣ ለልጅ ልጃቸው ሲያዜሙ ድምፃቸው የወጣት ነበር።

ልጅቷ ስትወለድ ቤቱ በእልልታ ሲሞላ እንቁ የራሷን ደስታ ትጠብቅ ነበር። አልመጣም። ድካም ነው ብላ ታገሠች። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋባት፤ ሕፃኗ ተኝታ እንኳ የእሷ ዓይን ፈጦ ይቀራል። በመጨረሻ ሐሳቡ መጣ። ልጅቷን እያጠባች ሳለ የገዛ እጇ ትራሱ ሥር ገብቶ ቢላዋውን ሲያወጣ ታያት። እጇ ከልጅቷ ጀርባ ንቅንቅ አላለም። ግን አየችው። ከዚያ ወዲያ ልጇን ባቀፈች ቁጥር ያው ነገር ይመጣባታል። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሰው ይህን ካወቀ ልጄን ይወስድብኛል።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምሥራቅ በዚያው ሳምንት መጣች። እማማን ውሃ እንዲያሞቁ ላከችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«አልቅሰሻል?»

«አይ።»

«ብታለቅሺ ይሻል ነበር። በይ፣ የሚያስፈራሽን ንገሪኝ። እኔ አልደነግጥም።»

እንቁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ምሥራቅ እውነትም አልደነገጠችም። «ሕመም ነው እህቴ። ብዙ እናት ላይ ይመጣል፣ ማንም አያወራውም እንጂ። ልትጎጃት ብትፈልጊ ኖሮ ቢላዋውን ትደብቂው ነበር? መድኃኒት አለው። ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ግን ለባልሽ ንገሪው። ብቻሽን አትሸከሚው።»

ባሏ አሳምነው አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ሲያስጭን ውሎ ከሰዓት በኋላ ገባ። እንደ ልማዱ እጁን እስከ ክንዱ ታጥቦ፣ አሽትቶ፣ ደግሞ ታጥቦ ልጁን አቀፈ። ለልጁ ሲል ሳሙና የሚጨርስ ሰው ነው። እንቁ እንደዚያ ሲታጠብ አየችውና ልቧ ደፈረ።

«ቢላዋውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ታዲያ እማ ከዘውድነሽ ስትጣላ በሆድሽ ስትስቂ ነበራ?»

«አልሳቅሁም። ፈርቼ ነው።»

«ማንን? እማን?»

«እጄን።»

ሁሉንም ነገረችው። ምሥራቅ ያለቻትንም አልተወችም፤ ሕመም እንደሆነ፣ እንደሚድን። «ሆስፒታል ውሰደኝ። ብቻዬን ብቻ አትተዉኝ። ልጄ ግን አጠገቤ ትሁን፤ እሷን አትውሰዱብኝ» አለችው።

አሳምነው ልጅቷን አልመለሰላትም። እንዳቀፋት «እሺ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዘውድነሽን ቢላዋ ከትራሱ ሥር አወጣና ይዞት ወደ ማድ ቤት ሄደ።

ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው በአገውኛ ነው። እንቁ ሦስት ዓመት በትዳር ኖራ ከአገውኛ የያዘችው «ውሃ» እና «ና» የሚባሉባቸውን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ስሟ ሲጠራ ሰማች። እማማ አንድ ነገር በኃይል ሲሉ፣ እሱ ቀስ ብሎ ሲመልስ ሰማች። ብቻዋን እንዳትተያት እያለልኝ ነው ብላ አሰበች። ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል አላት።

እማማ ልጅቷን አቅፈው ገቡ። «ነይ፣ ትንሽ አጥቢያትና አንቺ ተኚ። እኔ እይዛታለሁ» አሉ፤ አጠገቧም ተቀመጡ። እንቁ አጠባቻት። ሐሳቡ መጣ፤ አማቷ አጠገቧ ስለነበሩ ግን አልፈራችውም። ልጅቷ ስትጠግብ እማማ ተቀበሏትና የእንቁን ፀጉር በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት። እንቁም ተኛች፤ እንደ ድንጋይ ተኛች።

ስትነቃ ወተቷ ቀሚሷን አርሶት ነበር። በነጋታው ረፋድ ሆኗል። ቤቱ ውስጥ አሳምነው ብቻ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ልጄስ?»

«ምህረቴ ጋ ናት።»

ምህረቴ የአሳምነው ታላቅ እህት ናት፤ አዘና ትኖራለች። ካገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም።

«በምን ሄደች?»

«በጠዋቱ ሚኒባስ። እማ ይዛት ሄደች። ለጊዜው ነው።»

«ማን ያጠባታል አሳምነው?»

«የላም ወተት አለ።»

«አጠገቤ ትሁን አልኩህ እኮ! እሺ ብለኸኛል!»

አሳምነው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም አልተኛም ነበር። «አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለ። «ከሰማሁ በኋላ እንዳልሰማሁ ልሁን? አንድ ነገር ብትሆን ምን እላለሁ?»

ሮጣ ልትወጣ ተነሳች። በሩን በትከሻው ያዘ። አልመታትም፣ አልጮኸባትም።

መጀመሪያ ጠበል ወሰዳት። ከዚያ ምሥራቅ እየተመላለሰች ስላስቸገረችው ሆስፒታል አደረሳት፤ መድኃኒት ተሰጣት። ምሥራቅ የተናገረችው ሁሉ እውነት ሆነ። እንቅልፏ ተመለሰ፣ ያ የሚታያት ነገር ደበዘዘ፣ አንድ ቀንም እስከነጭራሹ እንዳልመጣ ልብ አለች። በቦታው ያ ስትጠብቀው የነበረው መጣ፤ ልጄ ልጄ የሚል ናፍቆት። የምታቅፈው ግን አልነበረም። ጡቷም ደርቆ ነበር።

ሐኪሙ ደህና ነሽ ባላት ሳምንት አሳምነው አዘና ወሰዳት። ምህረቴ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ናት፤ ወፍራለች፣ ጉንጯ ቀልቷል።

«ስጪኝ» አለች እንቁ።

ምህረቴ እናቷን አየች። እማማ እታለማሁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምህረቴም አውርዳ ሰጠቻት። እንቁ አቀፈቻት። እጇም ልቧም ጸጥ ብለው ነበር፤ የፈራችው ሁሉ የለም። ሕፃኗ ግን የማታውቀውን ፊት አይታ ጮኸች፤ ባባበለቻት ቁጥር ባሰባት።

«አልለመደችሽም እኮ፣ አታስጨንቂያት» አለች ምህረቴ። ወሰደቻት። ልጅቷ ዝም አለች።

«እማማ፣ እናቷ እኔ ነኝ» አለች እንቁ። «ተሽሎኛል። ሐኪሙን ይጠይቁ።»

«ማን አይደለሽም አለ?» አሉ እማማ፣ ያን ዕለት ፀጉሯን ሲዳስሱ እንደነበረው ድምፃቸውን አለስልሰው። «ብትድኚማ ደስ ይለናል። ግን ልጄ፣ ባዕድ ቢያስበው እንዲህ ባላስፈራን። እናቷ ሆነሽ ነው እኮ ያሰብሽው።»

እንቁ ወደ ባሏ ዞረች። «አሳምነው፣ አንተ ንገራቸው።»

እማማ በአገውኛ አንድ ነገር አሉት። አሳምነው ጫማውን እያየ አጭር ነገር መለሰ። ምን እንዳለ እንቁ አልገባትም።

«እንሂድ» አላት ቀጥሎ በአማርኛ፤ «ሚኒባሱ እንዳያመልጠን።»

ወደ እንጅባራ ተመለሱ። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ አዘና ተጠመቀች። ምህረቴ ይዛት ቤተ ክርስቲያን ገባች። ለእንቁ የነገራት ሰው የለም፤ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ከዘውድነሽ ሰማች።