ካውኮ የቀየረው ፍሪሲዮን

የካውኮ መኪና ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው ሐሙስ ዕለት ነው። እንዲያው ቀን ሲጥል! ታላቅ ወንድሙ ኤስኮ ኩዎፒዮ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሙም «ከእሁድ በኋላ ቃል አልገባም» ብሎ ደውሏል። ወንድማማቾቹ ኤስኮ የአባታቸውን ጫካ ድንበር ገፋ ተብሎ ተጣልተው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። «ሰው ሊሞት ነው፤ የበደለህን ይቅር በለው» አለችው ሚስቱ ሄልቪ። ካውኮም «እሺ፣ እሁድ እንሄዳለን። ፍሪሲዮኑን ራሴ እቀይረዋለሁ» አላት።

ጋራዥ የለ፣ ማንሻ የለ። መኪናውን ግቢው ውስጥ በክሪክ አንስቶ የማገዶ ጉማጅ ላይ አስደገፈው። ካምቢዮውን ከሚስቱ ጋር በገመድ አስረው አሮጌ ፍራሽ ላይ ሲያወርዱት የሄልቪ መዳፍ ተላጠ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካውኮ የመጨረሻውን ቡሎን አጠበቀና «ሳውናው ሞቋል» ብሎ ሄደ። በዚያ መንደር ቅዳሜ በዚያ ሰዓት እንፋሎት ሊታጠብ ሳውና የማይገባ የሞተ ሰው ብቻ ነው።

ሄልቪ ቱታውን ልታጥብ ስታነሳው ከበዳት። ኪሱ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ብትፈታው አዲሱ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ! ክው አለች። ያለ እሱ ፔዳሉ ቢረገጥም ማርሽ አይገባም፤ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ሠላሳ ዓመት ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ይኼን ይረሳል? ደግሞስ የረሳውን ዕቃ ጠቅልሎ ኪሱ የሚከት ማን ነው?

ሳውና ውስጥ ጠብ አይነሳም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሕግ ነው። ሄልቪ ከነልብሷ ከነጫማዋ ዘው አለች።

«ምንድነው ይኼ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? በሩን ዝጊው፣ ሙቀቱ ወጣ!»

«ይውጣ! ምንድነው አልኩህ?»

«ረስቼው ነው።»

«ጠቅልለህ? እኔን ነው የምታሞኘው?»

ካውኮ ራቁቱን አቀረቀረ።

«የድንበሩን ድንጋይ ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ኤስኮ ምንም አላደረገም። ምን ብዬ ዓይኑን ልየው?»

ሄልቪ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። አምና ለገና ኤስኮ ዓሣ ይዞ ለእርቅ ሲመጣ «ሌባ!» ብላ በሩን ፊቱ ላይ የደረገመችበት እሷ ናት። ኤስኮም ዓሣውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ነበር የሄደው። እሷም ለውሻ ሰጠችው።

«ልበስ» አለችው። «የጎረቤታችንን የታይስቶን መኪና ለምኜ እመጣለሁ።»

«ነገ ጠዋት...»

«ምን ነገ አለ! አሁኑኑ ነው። እኔም የምለምነው ይቅርታ አለኝ።»