ጠግበው የጠበቁት የቆሮንቶስ ምእመናን

ሃ ሃ ሃ! ኧረ ሳቁ ይብረድና እንቀጥል፤ ዋናው ገና ከፊት አለ፣ ልበ ብሩህ አስተዋይ አንባቢ ሆይ! የሰው ልጅ ቃለ ሐዋርያን በከንፈሩ አክብሮ በሆዱ ሲተረጉመው ከማየት የበለጠ፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር ከወዴት ይገኛል?

ቆሮንቶስ፣ ያቺ ባለ ሁለት ወደብ ከተማ፣ ኒቃንድራ የምትባል ባዕለ ጸጋ፣ ቸርና ርኅርኅት መበለት ነበረቻት፤ ምእመናን በሰንበተ ክርስቲያን ምሽት ለማዕደ ፍቅር የሚሰበሰቡት በእርሷ አዳራሽ ነው። ታዲያ ባለጠጎቹ ምን ሥራ አላቸው፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መጥተው በየድንክ አልጋው ጋደም ይሉና ዓሣውን ከነአጥንቱ፣ ወይኑን ከነአምቡላው ይጨርሱታል፤ የመርከብ ጭነት ሲያራግፉ የዋሉት ድኾች ሲደርሱ የሚቀበላቸው ፍርፋሪና የሰካራም ዘፈን ነው። ይህ ነውር ከሐዋርያው ጆሮ ቢደርስ፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ፣ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ገሠጻቸው፤ ለማዕድ ሲሰበሰቡ እንዲጠባበቁ፣ ራብ የጸናበትም ከቤቱ ቀምሶ እንዲመጣ አዘዘ። ኒቃንድራ ሰምታ አለቀሰች፤ ትሩፎን የሚባለው የወደብ ተሸካሚ፣ “እመቤቴ፣ ዳግመኛ ጦማችንን ካደርን እኔም ጓደኞቼም ደጅዎን አንረግጥም” ብሏት ነበርና፣ ማኅበሩ በእጄ ሊፈርስ ነው ብላ ፈራች።

በሚቀጥለው ሰንበት፣ ሳቁ ያለው እዚህ ነው፣ ባለጠጎቹ ሁሉ ትእዛዙን አክብረው በየቤታቸው እስኪያገሳቸው በልተው መጡ! ኒቃንድራም ራሷ ጠቦቷን በልታ፣ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ለቍርባኑ ብቻ የሚሆን አንዲት ኅብስትና አንድ ጽዋ በነጭ ጨርቅ ላይ አኑራ፣ እጇን አጣምራ በትሕትና ተቀመጠች። ድኾቹ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ማንም አልቀደማቸውም፤ ማንም አልሰከረም፤ የሚበላም የለም!

“እነሆ ጠበቅናችሁ፣ ወንድሞቻችን!” አለች ፊቷ እያበራ።

ትሩፎን ባዶውን ማዕድ አየና፣ “ድሮ ፍርፋሪ እንኳ ነበረን፤ ዛሬ ግን በክብር ተጠብቀን ጦማችንን ልናድር ነው” ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ያን ጊዜ ልቡናዋ በራ፤ መጠባበቅ ማለት ራብን አብሮ ታግሦ አብሮ መቁረስ እንጂ፣ ጠግቦ ለተራበ በር መክፈት አለመሆኑን ዐወቀች። እያለቀሰች በሩ ላይ ቆማ አገደችው፤ ቀሚሷን ሰብስባም ከምድጃው ሥር ተንበርክካ እሳት አነደደች፣ ምስር ጣደች፣ ባለጠጎቹን ውኃ አስቀዳች፣ ድኾቹን በድንክ አልጋዎቹ ላይ አስቀመጠች።

“ይቅር በሉኝ፤ ለሚመጣው ሰንበት እኔም ሳልበላ እጠብቃችኋለሁ” አለቻቸው።

ትሩፎንም የጫማውን ጠፍር እየፈታ፣ አዳራሹን በሳቅ ያናወጠውን ቃል ተናገረ፦ “ሳይበሉ መጠበቁስ መልካም ነው፤ ብቻ እመቤቴ፣ ድስቱን ሳይጥዱ እንዳይጠብቁን!”