ዘርዓይ ያስገባው ክር

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወልደኣብ በሐዘንተኞቹ መሃል ጎንበስ ብሎ መጥቶ ከለተሰንበት አጠገብ ተቀመጠ።

"ጽንዓት ይሃብኪ፣ እግዜር ያጽናሽ" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የልጆቹ ዩኒፎርም ጨርቁ ተቆርጦ እናንተ ዘንድ ነው ያለው። ለሌላ ሰፊ ልስጠው ወይ?"

"ለማንም አትስጥ" አለች ለተሰንበት። "ማሽኑ ክሩን እንደያዘ ነው፤ ዘርዓይ ራሱ ያስገባው ክር። ከሐዘኑ ስነሣ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እንባ ሳይቀድማት የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር። ወልደኣብም ሻሂውን ፉት ብሎ ተሰናበታት።

ዘርዓይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ ቸር፣ በእውቀቱ ግን ቆንቋና ሰው ነበር። ጣልያኑ አሠሪው ፌዴሬሽኑ በፈረሰ ማግሥት ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሲገባ ኦቨርሎኩን ለእሱ ተወለት። የጨርቅ ጠርዝ እየከረከመ የሚዘመዝም እንዲህ ያለ ማሽን በሰፈራቸው በጸጸራት ሌላ ቤት አልነበረም። ለተሰንበት ቀስ በቀስ ሁሉን ተማረች፦ የቀሚስ ጫፍ ቢላዋው ሳይነካው እንዴት ታጥፎ እንደሚቀመቀም፣ ሹራብ ሳይለጠጥ እንዴት እንደሚገጠም። የቀራት ክሮቹን ማስገባት ነበር። አንዱ በመርፌው ይገባል፤ ሌሎቹ ግን በማሽኑ ሆድ ውስጥ እየተሽሎከሎኩ ነው የሚያልፉት፣ አንዲት ቀዳዳ ከተሳተች ሁሉም ይበጣጠሳል። ዘርዓይ ሊያስገባ ሲል ጀርባውን ይሰጣታል።

"እኔስ መቼ ልማር?" ስትለው ይስቃል።

"ሙያ በልብ ነው። ክሩንም ከወሰድሽብኝ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?"

ደረቱን ካመመው በኋላ ግን መጠየቁን ተወች። አሳየኝ ማለት ትሞታለህ ማለት መሰላት። እሱም ዝም አለ፤ ማሳየት እሞታለሁ ማለት ነውና። እንዲህ ሲተዛዘኑ ጊዜው አለቀ። ሆስፒታል በገባበት ቀን ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ፣ የነበረው ክር ሳያልቅ፣ ትልልቅ ሰማያዊ ጥቅሎች አስገባበት። እየሳለ ብዙ ቆየ።

"ሲያልቅ የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጋር ቋጥሪና ቀስ ብለሽ ሳቢው" አላት። "መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ብቻ እንዳትቆርጪው።"

ሌላ ኑዛዜ አልተናገረም።

ወልደኣብ እንደሄደ ለተሰንበት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። በማሽኑ ቦታ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠዋል።

"ማሽኑስ?"

"ጠበበንና ወደ ጓሮ አወጣነው፣ ለተይ" አለች ኣበበች። የዘርዓይ እህት ናት፤ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ውሃ ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ ቁጭ ብላ እንኳ አላለቀሰችም። "አቧራውን ጠረግሁት። ክሩ እየተጠላለፈ ሲያስቸግረን ቆርጬ ሳብ ሳብ አደረግሁና አወጣሁት። ግን አንዲት አልጣልሁም።"

በጥንቃቄ የጠቀለለችውን ሰማያዊ ክር ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ለተሰንበት አፏን ከፈተች። የለቅሶ ቤት ነው፤ ብትጮህም ለምን የሚላት አልነበረም።

"የቐንየለይ" ብላ አመሰገነቻት።

ጓሮ ወጥታ የማሽኑን ክዳን ከፈተች። ሆዱ ባዶ ነው፣ ጽድት ብሏል። መደበር፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ ብትወስደው ብረቱን ይጠግኑላት ይሆናል። የክሩን መንገድ የሚያውቀው ግን ጣልያኑ ነበር፣ እሱ ሄደ፤ ዘርዓይ ነበር፣ እሱ የት እንደሄደ ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለወልደኣብ የሰጠችው ቃል ውሸት ሆነ።

በመርፌው ዓይን ብቻ ዘርዓይ ካስገባው ተበጥሳ የቀረች ቁራጭ ክር አለች። የመርፌውን ማንም ያስገባዋል፤ እሷም ድሮ ታውቀው ነበር።

ከጥቅሉ ጫፉን ፈልጋ ከቁራጯ ጋር፣ ልክ ዘርዓይ እንዳላት፣ አጥብቃ ቋጠረችው። ከዚያ ክሩን በጣቶቿ ይዛ፣ ኣበበች ለቀስተኛ መጣ ብላ እስክትጠራት ድረስ፣ ሳትስበው ቆመች።