ያልተለካው ዝናብ

«ተቀመጪ አልኩሽ! ሐዘንተኛ ተነስታ ጓሮ ለጓሮ ትዞራለች እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

እትዬ አረጋሽ የዘይቱናን ትከሻ ይዘው መልሰው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት። ክርስቲያን ጎረቤቷ ናቸው፤ ባሏ በሺር ከሞተ ጀምሮ ግን የቤቱ አዛዥ እሳቸው ሆነዋል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለቅሶ ሲደርስ የማን ሃይማኖት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ውጭ ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። ጎህ ሲቀድ ነው የጀመረው። ስንት ዱአ የተደረገበት፣ ስንት ሰደቃ የወጣለት የበልግ ዝናብ፣ በሺር በተቀበረ በሦስተኛው ቀን መጣ። መምጣት እቴ! ምናለ ባለፈው ሳምንት ቢመጣ፣ በመስኮት እንኳ ቢያየው።

«ሦስት ሰዓት ሲሆን ብቻ ልውጣ፣ እትዬ አረጋሽ። ለክቼ እመለሳለሁ።»

«ምኑን ነው የምትለኪው?»

«ዝናቡን።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ወይኔ፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብላ አንሾካሾከች።

አልወጣም። በሺር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ጓሮው ውስጥ ደግሞ ለሜትሮሎጂ ሰዎች ዝናብ የሚለካበት፣ አፉ ላይ ውሃ ማስገቢያ እምቡቶ የተገጠመበት ቆርቆሮ ነበረው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይለካል። ዝናብ ኖረም አልኖረም ይለካል። አንዴ ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠርተው ገና ሳይጨፈር «የጠዋቷ ልኬት ታመልጠኛለች» ብሎ እየጎተተ መልሷታል፤ መንገዱን ሁሉ ስታኮርፈው ነው የመጣችው። አልጋ ላይ ሲውል ደግሞ እሷን ላካት። «ከሦስት ሰዓት በፊት እንዳትነኪው» ይላታል በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ። «ሰዓቱ ከተዛባ ዛሬን ከአምናው ጋር ማስተያየት አይቻልም።»

«ቢቀርስ?» ብላው ነበር።

«የአንድ ዓመት ዝናብ ወሬ ነው፣ ዘይቱ። የብዙ ዓመቱ ሲደረደር ነው እውነቱ የሚታየው። በልጉ እየሸሸን ነው።»

ይህንኑ ለአባቷ ለአያ የሱፍም ነግሯቸው ነበር፤ አምና፣ ኩታበር ድረስ ሄዶ። «አባባ፣ ዘሩን ሁሉ አይበትኑት፤ ትንሽ ያስቀሩ» አላቸው። እሳቸው አልሰሙትም፣ ሁሉንም ዘሩት። በልጉ ቀረ። ክረምቱም ቀረ፣ በሬዎቻቸው አለቁ። ያን ጊዜ እዚህ ቤት መጥተው «ለክተህ ለክተህ አባረርከው! የአላህ ራህመት በቆርቆሮ ይለካል?» ብለው ጮኹበት። በሺር አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። በስብሰባ ላይም አንድ ካድሬ «ጓድ፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል አንተ ድርቅ ድርቅ ትላለህ?» ብሎ አፉን አስይዞታል። ከዚያ የተራበው ሕዝብ በመንገዱ ጎረፈ። በሺር ከክፍል ሲወጣ የተራቡት መጠለያ እየሄደ ውሃ ያጠጣ፣ በሽተኛ ያነሳ ነበር። ትኩሳቱን ያመጣው ከዚያ ነው።

ዝናቡ አባራ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ለዱአ መሰብሰብ ጀመሩ። ዘይቱና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ጠበቀች። ቀድማ ልትወጣ ትችል ነበር፤ እንደሱ ሦስት ሰዓትን ጠበቀች። እትዬ አረጋሽ እንግዳ ሊቀበሉ ዞር ሲሉ ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮ በር ወጣች።

አባቷ ቆርቆሮውን ይዘው ቁጢጥ ብለዋል። ጺማቸው ርሷል።

«አባዬ! ምን አደረጉ?»

«ውዱእ ነው ልጄ፤ ለዱአው ታጠብኩበት።»

ቆርቆሮውን ቀማቻቸው። ባዶ ነው።

«በርሜሉ እኮ ሙሉ ነው! ሞቶም አልለቅ አሉት? አሁንም ተጣልታችኋል?»

«ወላሂ አይደለም» አሉ አያ የሱፍ። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። «በድየዋለሁ፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። አፉ እንዲለኝ ሳልጠይቀው ሞተብኝ። ዛሬ ዱአ ላደርግለት ስነሳ፣ በበርሜል ውሃ ልቆምለት አፈርኩ። የሱን ዝናብ ፈለግሁ።»

«እሱ የፈለገው ቁጥሩን ነበር፣ አባዬ! ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሲለካ ኖሮ፣ ባዶ ሲጽፍ ኖሮ፣ ዛሬ የሚጻፍ መጥቶለት ነበር። ስንት ነበር? እስከ የት ደርሶ ነበር ውሃው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ክንዴን፣ ራሴን አበስኩ… ቀኝ እግሬ ላይ አለቀ። ግራዬን አልደረሰውም።»

ግምት አይጻፍም፤ በሺር ቢሆን የዛሬን ቦታ ባዶ ይተወው ነበር። የዛሬውን ዝናብ ከእንግዲህ ማንም አያውቀውም። ደረቷን ቀዶ የወጣ ልቅሶ ያዛት፤ በዚህ ሦስት ቀን ሰው ሁሉ አልቅሺ ሲላት ያልመጣላት ልቅሶ። አባቷ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ።

ከድንኳኑ «አያ የሱፍ! ዱአው ሊጀመር ነው!» የሚል ጥሪ መጣ።

አባቷ ለመነሳት መሬቱን ተመረኮዙ። ዘይቱና በመዳፏ ያዝ አድርጋ መልሳ አስቀመጠቻቸው። በርሜሉ ጋ ሄዳ በቆርቆሮው ውሃ ቀዳች፣ ተመልሳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፣ ደረቁን ግራ እግራቸውን ጭኗ ላይ አኖረችና ቀስ ብላ አፈሰሰችበት።