የጃንጥላዋ አንድ ድምፅ

ቡሬ ላይ መምህር ይታገሱን የማያውቅ የለም፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። በ1992ቱ ምርጫ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በግል እወዳደራለሁ ብለው ተነሡ። ምልክታቸው ጃንጥላ ነበር። ታዲያ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ በገዛ ሰፈራቸው ጣቢያ ከጃንጥላዋ ፊት ለፊት የተጻፈው አንድ ነበር። አንዲት ድምፅ። የቀረው ሁሉ የድርጅቱ ዕጩ የቸኮለ ነው።

ከተማው ሳቀ። "ራሳቸውን መርጠው ነዋ" ተባለ። ሳቁ ሁለት ሦስት ክረምት ቆይቶ ደከመና እሳቸውም ረሱት።

ስምንት ዓመት አልፎ፣ የሥነ ዜጋ መምህርቷ ዙፋን ለመመረቂያ ጽሑፏ የምርጫ ክልሉን ታሪክ ልትጽፍ መጣች። የ87ን፣ የ92ን፣ የ97ን ውጤት በየጣቢያው እየሰበሰበች ነው። ደብተሯን ገልጣ "ጋሼ፣ ይቺ አንድ ድምፅ የርስዎ ናት አይደል? እንደዚያ ብዬ ልጻፋት?" አለቻቸው።

"የኔ አይደለችም" አሉ መምህር፣ ፊታቸው ቀልቶ።

እውነታቸውን ነው። ያን ለት ድምፅ መስጫው ክፍል ገብተው እስክሪብቶውን ሲያነሡ፣ ሰው እንዴት በራሱ ስም ላይ ምልክት ያደርጋል ብለው አፈሩ። ቸኮለን መረጡና ወጡ። ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር በሰው ሲጫወት እንዲህ ነው። ግን ማን ያምናቸዋል? አሁን ደግሞ ነገሩ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ለልጅ ልጅ "ራሱን ብቻ የመረጠ ሰውዬ" ሆነው ሊቀሩ ነው። ይህ አንገበገባቸው።

"አንድ ሳምንት ስጪኝ፤ የድምፁን ባለቤት አመጣልሻለሁ" አሏት።

መጀመሪያ የጠየቁት ሚስታቸውን እማዋይሽን ነው። ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጣች ነበር። "እኔማ ቸኮለን ነው የመረጥሁ" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። "አዲስ አበባ ገብተህ እንድትቀርብኝ ልምረጥህ?"

ከዚያ ልብስ ሰፊው ታከለ ዘንድ ሄዱ። ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ ሲያሰባስቡ ከሁሉ ቀድሞ የፈረመላቸው እሱ ነው። ታከለ የስፌት መኪናውን አቁሞ መሬት መሬት አየ። "ፈረምሁልዎ እንጂ ጋሼ፣ እመርጥዎታለሁ መች አልሁ?" ሌሎቹ ፈራሚዎችም ያው ናቸው፤ አንዱ ረስቻለሁ ይላል፣ አንዱ ወሬ ይለውጣል።

የሚገርመው፣ መምህር ንዴቱን ትተው ነገሩ ያጓጓቸው ጀመር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው፣ ማንም ሳያየው፣ ጃንጥላዋን መርጧል። ማነው እሱ? መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያዩ ማለፍ ያዙ።

በአምስተኛው ቀን ቸኮለ ራሱ መጣ። ምክር ቤት ቆይቶ ተመልሶ፣ አሁን ከተማው አስተዳደር ውስጥ ይሠራል። በርበሬው እያስነጠሰው ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ይህን ፍለጋ ቢተዉት።"

"አንተን ምን አገባህ?"

"አንድ ባንድ እየጠየቁ ሲመጡ፣ መጨረሻ እኔ ዘንድ መድረስዎ አይቀርም" አለ፣ እጁን እያሻሸ። "ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ትቼ የራሴን ስም ልምረጥ? እጄ እምቢ አለኝ። ጃንጥላዋ ላይ አደረግሁት። ይሄ ከተሰማ ግን ግምገማ ላይ ነው የሚያቆሙኝ። እንጀራዬም አብሮ ይሄዳል።"

መምህር ይታገሱ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔም እኮ አንተን ነው የመረጥሁህ" አሉት። ቸኮለም አብሮ ሳቀ፤ ሲወጣ ግን ጉልበታቸውን ስሞ ነው የወጣው።

ዙፋን በቀጠሮዋ መጣች። "እሺ ጋሼ፣ ባለቤቱ ተገኘ?"

"ተገኘ። እኔው ነኝ። አፍሬ ነው የዋሸሁሽ። ራሴን ነው የመረጥሁ፤ ጻፊው።"

ዙፋን ሳቋን እየዋጠች ጻፈች። እሷ ከበር እንደወጣች እማዋይሽ ከበርበሬዋ ቀና አለች። "ቸኮለን መርጬ መጣሁ ብለህ ያን ለት አልነገርኸኝም? ምነው ስምህን በገዛ አፍህ ታጠፋለህ?"

"ስሜንማ አንድ ሰው አክብሮልኛል" አሉ፣ ከሰሌኑ የወረደውን በርበሬ እየመለሱላት። "እኔም የሱን ልጠብቅለት።"