የማዳም ኮራል

ሰው በሰው ይቀናል፤ ሁስና ግን የቀናችው ድንጋይ በሚመስል የባሕር እንስሳ፣ በኮራል ነው። የምትሠራላት ማዳም የባሕር ተመራማሪ ናት። «ቀይ ባሕር እየሞቀ ኮራሉ ነጥቶ ነጥቶ አለቀ» ብላ አንዱን ካፉሪ ሰፈር ወዳለው ቪላዋ አምጥታ መስታወት ገንዳ ውስጥ ታስታምመዋለች። ኤሲው ቀን ከሌት ለእሱ ነው። የሁስና ክፍል እንደ እቶን ይነዳል፤ ወባ ሲጥላት እንኳ «ምን ሆንሽ?» ያላት የለም።

ማዳም ለሥራ ፖርት ሱዳን ሳለች የቪላው መብራት ጠፋ። ይህን እንደሰማች ወዲያው ደወለች።

«ሁስና፣ ሙቀቱ እንዴት ነው?»

ሁስና ሆዷ ባባ። «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። እችለዋለሁ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ! ኮራሉ ደህና ነው? ካልሆነ ጄኔሬተሩን አስነሺ።»

ሁስና ወደ ገንዳው ዞረች። ኮራሉ ከጫፉ መንጣት ጀምሯል።

«እሱም እንደኔ ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ» አለች።