የአፏ ግራ ጫፍ

ልጅቱ በሞተችበት ማለዳ፣ ቀራፂ አባቷ ከጭቃ የሚሠራው የእሷ ራስ በመሥሪያ ክፍሉ መስኮት አጠገብ፣ በሚሽከረከር ማቆሚያ ላይ ነበር። ሁለት እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ከጨርቁ በላይ ላስቲክ፣ አንገቱ ላይ ሲባጎ። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ሁለቱ ጆሮዎች አልቀዋል። የቀረው አፉ ነበር። ጭቃው እንዳይደርቅ አባትየው በየማለዳው ጨርቁን ያርሰዋል። የዚያን ዕለት ማለዳ ግን ሆስፒታል ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው የለም።

አሁን ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡት ወንበሮች ቁመታቸው አንድ አይደለም፤ ቀራፂው ሰው ሲያጽናናው እንኳ ዓይኑ ከወንበሮቹ እግር አልነቀል ብሎታል። የሚገባው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል፣ ሻይ ይቀበላል፣ ይቀመጣል። ጥግ የያዙ ሁለት ሴቶች ስለ ልጅቱ ያንሾካሹካሉ። አንደኛዋ፣ ልጅቱ የቤት አከራያቸውን ስታስመስል ሰውዬው ራሱ በር ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ እንደሳቀ ታወራለች። ስታወራ እሷም ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች።

ልጅቱ የማታስመስለው ሰው አልነበረም። ሐኪሙን፣ የአውቶቡስ ረዳቱን፣ እናቷን ስትቆጣ። ለአባቷ ልትቀመጥለት ስትመጣ ግን ይኸው ችሎታዋ ጠላቱ ነበር። ግንባርና አፍንጫ ባሉበት ይቆማሉ፤ በመለኪያ ይያዛሉ። አፏ ግን አንድም ቀን ቆሞለት አያውቅም። ያበጀውን በማግስቱ ይፍቀዋል፣ እንደገና ያበጃል፣ እንደገና ይፍቀዋል። አፍሽን ዝም አድርጊው ሲላት፣ ዝም ካለማ የሌላ ሰው ነው ትለዋለች። ሳይጨርስ ስለማያሳይ፣ እሷም ያየችው የጭቃውን ራስ ጀርባ ብቻ ነው።

"አባዬ፣" አለችው አንድ ቀን ፍቆ ሲጥል እያየች፣ "አንተ እግዜርን ብትሆን ኖሮ አዳም እስካሁን ጭቃ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን ፍቆ ጨረሰ።

ያኔ ተማሪ ነበረች። ሥራ ይዛ ራሷን ከቻለች በኋላም በየእሑዱ ትቀመጥለት ነበር። ሆስፒታል በገባች ጊዜ የጭቃውን ራስ እንዳለ እንዲያመጣላት ለመነችው። አፉን ላስተካክልና አመጣልሻለሁ አላት። እሺ አለችው፣ በራሷ ድምፅ። ደግማ አልጠየቀችውም።

ሥራዎቹን በጄሶ የሚያወጣለት አሮጌ ባልደረባው፣ ሰው ሁሉ አፍሳሹ የሚለው፣ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጠጋ ብሎም፣ ጨርቁን ማን እያራሰው እንደሆነ ጠየቀው። ቀራፂው የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

ሁለቱ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሲገቡ ጨርቁ ደርቆ የፊቱን ቅርፅ ይዞ ነበር። ሲፈቱት ከግራ ጆሮው ሥር ስንጥቅ ወርዷል። አፍሳሹ ማቆሚያውን አዙሮ አየና፣ ዛሬ ከሆነ ላወጣው እችላለሁ፣ ነገ ግን አንገቱ አይሸከመውም አለ። ጄሶው ከፈሰሰበት በኋላ ጭቃው ከውስጥ ተጭሮ ይወጣል፣ በባዶው ቦታም ሌላ ጄሶ ይሞላበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታረም ነገር የለም።

"እስከ ማታ ስጠኝ። አፉን ብቻ።"

"ወንድሜ፣ ለአፉ ስንት ዓመት ሰጠንህ?"

ቀራፂው መቅረጫውን አነሣ። አፏን ሊያስታውስ ዓይኑን ጨፈነ። የቤት አከራዩ አፍ መጣለት። የአውቶቡስ ረዳቱ መጣ። እናቷ ስትቆጣ መጣች። የራሷ የልጅቱ አፍ አልመጣም። ፎቶ እንዳያይ፣ ካሜራ ባየች ቁጥር ሌላ ሰው ትሆን ነበር።

ሚስቱ ተከትላቸው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። የጭቃውን ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

"የአፏ ግራ ጫፍ ዝቅ ይል ነበር?" አላት። "ወይስ እኔ ነኝ ያወረድኩት?"

ቀረብ ብላ ብዙ አየችው። እጇን ወደ ጭቃው ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

"እኔ እንጃ፣" አለች። "እኔም እየጠፋብኝ ነው።"

ሊያርም የሚችለው ከልጁ ጋር አስተያይቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ አፈር ገብታለች። አፉ ትክክል ቢሆን ትክክል ነው የሚለው፣ ስህተትም ቢሆን የሚነግረው ሰው የለም። መቅረጫውን የውሃው ባልዲ ውስጥ ለቀቀው።

"አፍስሰው፣" አለ።

ለቀስተኛው ተሰናብቶ፣ ወንበሮቹም ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ አፍሳሹ የውጭውን ቅርፊት በመሮና በመዶሻ እየፈለጠ ነጩን ራስ አወጣው። ስንጥቁም አብሮ ወጥቷል። እንደ ልማዱ ጥቂት ጄሶ በጥብጦ፣ በቢላዋ ጫፍ ቆንጥሮ ሊደፍነው ሲል ቀራፂው የእጁን አንጓ ያዘው። አጥብቆ አልያዘውም፤ ግን አልለቀቀውም። አፍሳሹ ቢላዋው ላይ ያለው ጄሶ እስኪጠነክር ድረስ ቆመለት።

ስንጥቁ ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነሥቶ አንገቷ ድረስ ይወርዳል። ቀራፂው በመለኪያው ያዘው፤ ርዝመቱ ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል ነው።